በእግርህ እንዳትመጣ

ክንዴ ደወሉን ለአራተኛ ጊዜ አቃጨለው። ጆሮውን አስጠግቶ ዝም እስኪል አዳመጠና፣ "የዚህኛው ድምፅ ትንሽ ሸካራ ነው፤ የመጀመሪያውን እስቲ እንደገና ልየው፣ ጋሼ" አለ።

አቶ ዓብዱልሀሚድ ጠዋት ሱቃቸውን ከከፈቱበት ሰዓት አንሥቶ ከዚህ የቆሰበር መምህር ጋር ናቸው። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ የዳንግላ ገበያ የሚቆምበት። በሌላው ቅዳሜ ይኼን ጊዜ ግማሽ ጣቃ አቡጀዲ ቀደው ሸጠው፣ ጨውና ላምባውን ለገጠሬው አዳርሰው፣ ቁጭ ብለው ሻይ የሚጠጡበት ሰዓት ነበር። ዛሬ ግን ባንኮኒያቸው ላይ ሁለት ደወል፣ ሁለት ዓይነት መብራት፣ ፓምፕ፣ ጭቃ መከላከያው ፓራፋንጎ፣ ሰንሰለትና ጓጉንቸር፣ ከኋላ የሚታሰር የዕቃ መጫኛ ተዘርግቶ፣ ሌላ ገዢ ቢመጣ ክንዱን የሚያሳርፍበት ስፍራ አልነበረም።

ቢስክሌቱ ከደጁ ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። ሰማያዊ ነው፤ አዲስ ነው፤ ኮርሳ የሚሉት ዓይነት፣ መሪው ወደ ታች የተቆለመመ፣ ጎማው እንደ አውራ ጣት የቀጠነ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ ሲመጣ ከሁለት ጎማና ከአንድ ኮርቻ በቀር ምንም አልነበረውም። እንዲህ ያለ ነገር በ1957 ዓ.ም. ጥር ከዳንግላ እስከ ቆሰበር ባለው መንገድ ላይ ሌላ አልታየም።

"ይኼ የአስፋልት ነው ብዬሃለሁ" አሉ አቶ ዓብዱልሀሚድ በመጨረሻ። "አስፋልቱን አሳየኝና መብራቱን በነጻ እገጥምልሃለሁ።"

"ቀስ ብሎ ለሚነዳው ጠጠሩንም ይችላል፣ ጋሼ።"

"አንተማ ቀስ ትላለህ። እሱን አይቼዋለሁ።"

እታለማሁ ይህን ሁሉ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ስታይ ቆይታለች። የዳንግላ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ የግራዝማች ውቤ የመጨረሻ ልጅ። ክንዴን ያወቀችው ከሁለት ዓመት በፊት ደብረ ማርቆስ፣ በመምህራን የክረምት ኮርስ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል የነበረው ደብዳቤ ብቻ ነው። በዓመት ሁለቴ ወይም ሦስቴ፣ ያውም ሰው በተሰበሰበበት ቦታ፣ በዓይን ይተያያሉ።

ደብዳቤዎቹን ሁሉ ትወዳቸዋለች። ከሳምንት በፊት የደረሳትን ግን ሦስት ጊዜ አንብባ ሦስት ጊዜ ተናዳበታለች። አራት ገጽ ነበር። ሦስቱ ገጽ ስለ ቢስክሌት ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ናፍቆቱን ጽፎ፣ "ቅዳሜ ዳንግላ ዓብዱልሀሚድ ሱቅ መጥቼ የጎደለውን አስገጥማለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ይስተካከላል" ብሎ ዘግቶታል። ምኑ እንደሚስተካከል አልጻፈም።

ሐሙስ ዕለት ደግሞ እናቷ ወይዘሮ ማናለብሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እሑድ ከባሕር ዳር ሽማግሌ ይመጣል፤ ልጁ ጸሐፊ ነው አሉ፤ ጸጉርሽን ታጠቢ" አሏት። ከሐሙስ እስከ እሑድ ቆሰበር ደርሶ መልስ የሚያመጣ ደብዳቤ የለም። የቀራት ቅዳሜ ብቻ ነበረ።

መንገዱን ተሻግራ ገባች።

"እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ። ነጭ ክር ፈልጌ ነበር።"

ክንዴ ድምጿን ሲሰማ ደወሉ ከእጁ ወድቆ ባንኮኒው ሥር ተንከባለለ። ጎንበስ ብሎ አልፈለገውም። ዓይናቸው ተገናኘ። ያ እሷ የምታውቀው፣ ክረምት ክረምቱን ከወንበር ወንበር ተሻግሮ ይደርሳት የነበረ አተያይ ዛሬም እንዳለ ነው። ለአፍታ ቁጣዋ ሁሉ ከላይዋ ወረደ። አሁን ይናገራል አለች በልቧ። ጓሮ ድረስ ነይ፣ አንዲት ቃል ልንገርሽ ይላል።

"እንኳን መጣሽ" አለ ክንዴ። "እስቲ አንቺ ፍረጂ። መብራቱ ዲናሞ ይሻላል ወይስ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው? ዲናሞው ጎማውን እየተጫነ ያደክማል። የባትሪው ደግሞ ድንጋዩ ቶሎ ያልቃል።"

እታለማሁ አየችው። እውነቱን ነው የሚጠይቃት። ግንባሩ ላይ ላብ አለ።

"አላውቅም" አለች።

"ፓራፋንጎውም እንዲሁ ነው። ጋሼ በጥር ጭቃ የለም ይሉኛል፤ ቆሰበር ግን ዝናቡ ወር አይመርጥም። ብገጥመው ደግሞ ጎማውን ይነካብኛል።" የዕቃ መጫኛውን አንሥቶ በእጁ መዘነና ወደ አቶ ዓብዱልሀሚድ ገፋው። "ይኼን ግን አልፈልገውም። ክብደት ይጨምራል። ቢስክሌቱ ለአንድ ሰው ነው የተሠራው።"

ለአንድ ሰው። ሌላ ምንም ማለት አልፈለገም፤ ስለ ብረት ነበር የሚያወራው። ቃሉ ግን እታለማሁ ደረት ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ሦስት ወር ሙሉ በየማታው የጠበቀችው ነገር ሁሉ በዚያች በአንዲት ቃል የተመለሰላት መሰላት፤ ክሩን ተቀብላ ጣቷ ላይ ደጋግማ ጠመጠመችው፤ ጣቷ ሲነጣ አልተሰማትም።

ያየችው የአቶ ዓብዱልሀሚድ ባለቤት ሲቲ ነበረች። ከጓዳው መጋረጃ ሥር ብቅ ብላ የልጅቱን ፊት አየች፣ ጣቷን አየች፣ ከዚያ መምህሩን አየች።

"መምህር፣ ቢስክሌትህን ጓሮ አስገባው፤ ገበያተኛው እየገፋ ቀለሙን ይልጥብሃል። እታለማሁ፣ አንቺም ነይ፤ ከዚህ የሚሻል ክር ውስጥ አለኝ።"

ጓሮው ጠባብ ነው፤ ባዶ የላምባ ቆርቆሮና የሳሙና ሣጥን ተደርድሮበታል። ሲቲ ወደ ግድግዳው ዞራ ጀርባዋን ሰጥታ በርበሬ ትለቅም ጀመር። አትሰማም ማለት አይደለም፤ እንደማታይ ግን ሁለቱም ገባቸው።

"ነገ ሽማግሌ ይመጣል" አለች እታለማሁ።

ክንዴ ደነገጠ። "ነገ? እኔ እኮ ገና አልጨረስኩም።"

"ምኑን ነው ያልጨረስከው?"

"ቢስክሌቱን።"

እታለማሁን በሕይወቷ ብዙ ሰው አናዷታል፤ ሰባ ተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ ታስተምራለች። እንዲህ ግን ማንም አድርጓት አያውቅም።

"ያንተ ሽማግሌ አይደለም" አለች ቃላቱን እየነጠለች። "የሌላ ሰው ነው። ከባሕር ዳር። አባባ ቀጠሮ ሰጥተዋል። እኔ ጥቅምት ላይ ጽፌልሃለሁ። አንተ እስከ ጥምቀት ታገሺኝ አልክ፤ ታገሥኩ። ጥምቀት አለፈ። ሰው በመጣ ቁጥር፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር ከመቀመጫዬ እነሣለሁ። አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ደወል ታቃጭላለህ።"

"ለማን ብዬ ነው የማቃጭለው?" ክንዴም ድምፁ ተለወጠ። "እኔ ቢስክሌት አምሮኝ መሰለሽ? ሲወጣበት ወገቤን ይሰብረኛል። አሥር ጊዜ ወድቄበታለሁ። ክርኔን ተመልከቺው።" እጅጌውን ሰብስቦ አሳያት፤ ክርኑ በእርግጥ ተልጦ ነበር። "አንቺ በእግርህ እንዳትመጣ ባትይኝ እኔ ቢስክሌት ምን ያደርግልኛል?"

"ምን አልኩህ?"

"በእግርህ እንዳትመጣ።"

ከደረት ኪሱ አንዲት ወረቀት አወጣ። ታጥፋ ታጥፋ መስመሮቿ ሊበጠሱ ደርሰዋል። የእሷ እጅ ጽሑፍ ነው። በጣቱ እየተከተለ፣ እንደ ተማሪ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። "'አባባ ዘንድ አንተ በእግርህ እንዳትመጣ። ደንቡን ታውቃለህ። ሌላውን ላንተ ትቼዋለሁ።' ይኸው። ያንቺ ቃል ነው።"

እታለማሁ የሳሙናው ሣጥን ላይ ተቀመጠች።

"ክንዴ" አለች። "ራስህ አትምጣ፣ ሰው ላክ ማለቴ ነው።"

የሲቲ እጅ በርበሬው ላይ ቆመ።

ክንዴ ወረቀቱን እንደገና አነበበው፤ አሁን ድምፅ አላወጣም። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ፊቱ ቀስ በቀስ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ።

"አማርኛ ነው እኮ የምታስተምረው" አለች እታለማሁ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ድካም ነው። "ለአምስተኛ ክፍል።"

"ቃሉማ ይገባኝ ነበር፤ ያሳተኝ አባትሽ ቤት የደረሰብኝ ነገር ነው" አለ ክንዴ። ከሣጥኑ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ተናገረ። "አምና በመስቀል ሰሞን ከርእሰ መምህራችን ደብዳቤ ይዤ እናንተ ቤት መጥቼ ነበር። አልነገርኩሽም። ከአውቶቡስ ወርጄ በእግሬ ነው የመጣሁት፤ ጫማዬ አቧራ ነበረ። አባትሽ በበቅሎ ለመጣው ሰው ወንበር አስወጡለት። እኔን መልእክተኛ ነው ብለው አጥር ሥር አቆሙኝ። ስሜን እንኳ አልጠየቁም። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ያቺ ቀን ትዝ አለችኝ። እሷም ታውቃለች አልኩ። እግረኛ ሆነህ አባቴ ፊት አትቁም፣ አታሳፍረኝ ማለቷ ነው አልኩ። በቅሎ መግዛት አልችልም። የቻልኩት ይኼን ነው።"

 ከገበያው በኩል የአህያ ጩኸትና የሰው ጫጫታ ይሰማል።

"እኔ አፍሬብህ ነው የመሰለህ" አለች እታለማሁ።

"አዎ።"

"እንደዚያ መስሎህም አልተቀየምከኝም።"

"ትክክል ነሽ ነው ያልኩት።" ከዚያ ቀና ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ተቆጥቶ፣ "ግን ሽማግሌ ላክ የምትል ቃል ብትጽፊ ምን ይልሽ ነበር? ሁለት ቃል እኮ ናት" አላት።

"ሴት ልጅ በእጇ ሽማግሌ ላክብኝ ብላ ትጽፋለች?"

"አትጽፍም" አለ ክንዴ ካሰበ በኋላ። "እውነትሽን ነው።"

አሁንም ማሰቡ። አሁንም ሁሉን ነገር እንደ ደወሉ ጆሮው ላይ አስጠግቶ መስማቱ። እታለማሁ እጆቹን አየቻቸው፤ የመሪው ብረት መዳፉን አቁስሎታል። በአንድ በኩል እነዚያን እጆች በማስመሪያ መምታት አማራት። በሌላ በኩል ደግሞ ይዛቸው ማልቀስ አማራት። ሁለቱንም ሳታደርግ ተነሣች።

"ስንት ሰዓት ሆነ?" አለች።

"ስድስት ሊሆን ነው" አለች ሲቲ ሳትዞር።

ከዳንግላ ቆሰበር ሙሉው ዳገት ነው። የክንዴ አባት አቶ ወርቅአየሁ የሚኖሩት ደግሞ ከቆሰበር አለፍ ብሎ፣ ዘንገና አጠገብ ነው። ወደዚያ የሚሄደው አውቶቡስ በጠዋት አልፏል። ጠዋት ጠዋት ከዚያ ወደ ዳንግላ የሚወርድ የጭነት መኪና ግን አይጠፋም፤ ሽማግሌ ዛሬውኑ ከተነገረው ነገ ቅዳሴ እንደወጣ መድረስ ይችላል።

"ስለዚህ አሁን ትሄዳለህ" አለች እታለማሁ። "በዚህ ነገር።"

ወደ ሱቁ ተመለሰች። ክንዴ ግማሽ ቀን የፈጀበትን እሷ በጥቂት ደቂቃ ጨረሰችው። አቶ ዓብዱልሀሚድ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ።

"ደወል። ይኼኛው።"

"የእሱ ድምፅ—" ሲል ክንዴ፣

"ይጮሃል። ገበያተኛው ከአህያው ጋር መንገዱን ሞልቶት ነው የሚመለሰው፤ መጮኹ ይበቃዋል። ፓምፑን ስጡኝ፣ ጋሼ። ማስቲሽና መለጠፊያ ጎማ። ትርፍ ካለማዳሪያ፣ የውስጡ ጎማ፣ አለዎት?"

"ለዚህ ቀጭን ጎማ የሚሆን አንድ አለኝ። ከአስመራ የመጣ ነው።"

"እሱንም። ብሎን መፍቻ ኪያቤ አንድ። የሱሪ መቆንጠጫ፤ ሱሪው የፔዳሉ ካቴና ውስጥ ገብቶ ገደል እንዳይጥለው። ፓራፋንጎው ይቅር፤ ለመግጠም ጊዜ የለም። መብራቱም ይቅር፤ ሳይመሽ ይደርሳል።"

"ጓጉንቸሩስ?" አለ ክንዴ።

እታለማሁ ዞራ አየችው። ክንዴ ጓጉንቸሩን ወደ ባንኮኒው ጥግ ገፋው።

አቶ ዓብዱልሀሚድ ደወሉን መሪው ላይ፣ ፓምፑን ከብረቱ ሥር ሲያስሩ ፊታቸው በርቶ ነበር። "ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ የት ነበርሽ" አሉ እንደ ማጉረምረም ብለው።

"ሽማግሌ ስንት ታገኛለህ?" ብላ ሲቲ ከመጋረጃው ውስጥ ጠየቀች።

"አባቴና የንስሐ አባታችን ቄስ ምህረቴ። ሦስተኛ የሚሆን አጎት ነበረኝ፤ አሁን ታሞ ተኝቷል።"

ሲቲ ባሏን አየች። አቶ ዓብዱልሀሚድ ኪያቤውን እንደያዙ፣ "እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግራዝማች ምን ይሉኛል?" አሉ።

"ከሃያ ዓመት በላይ ጎረቤታቸው ነህ። ልጃቸው ስትወለድ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ምን ይሉሃል? አንተስ ሰው አይደለህም?"

አቶ ዓብዱልሀሚድ ብሎኑን አጥብቀው፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና፣ "እሺ፣ እሄዳለሁ" አሉ።

ክንዴ ቢስክሌቱን ወደ መንገድ አውጥቶ አንድ እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገ። ከዚያ ተመልሶ ወደ ሱቁ አንገቱን አስገባ። እታለማሁ አሁንስ ምን ሊመርጥ ነው ብላ ጥርሷን ነከሰች።

"ጋሼ፣ ያንን የዕቃ መጫኛ ለማንም እንዳይሸጡብኝ" አለ።

"ክብደት ይጨምራል አላልክም?"

"ይጨምራል" አለ ክንዴ። እሷን ግን አላያትም። "ትራስ ከተደረገበት ሰው ይቀመጥበታል።"

ሄደ። የደወሉ ድምፅ ከአህዮቹ መሐል እየራቀ፣ እየቀጠነ ሲሄድ እታለማሁ ደጁ ላይ ቆማ ሰማችው። በእውነትም ድምፁ ሸካራ ነበር። አሁን ስለ ሸካራው ድምፅ ልትነግረው የምትችልበት ጊዜ አልፏል።

እሑድ የባሕር ዳሮቹ ቀድመው ደረሱ። በላንድሮቨር ነው የመጡት፤ ሦስት ሰዎች፣ ሦስቱም ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ንግግራቸው የተስተካከለ። እታለማሁ ከእልፍኙ ግድግዳ ጀርባ ቆማ ትሰማቸዋለች። ስለ ልጁ ደመወዝና ስለ ቆርቆሮ ቤቱ ተናገሩ። አባቷ ግራዝማች ውቤ ቀስ ብለው "እህ" ይላሉ፤ ያቺን "እህ" እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። ልባቸው ሊረታ ሲል የሚሏት ናት።

ከደጅ የመኪና ድምፅ አልሰማችም። ጎማው ፈንድቶበት መንገድ ላይ አድሮ ይሆናል። ወይ አባቱ ሳይስማሙ ቀሩ ይሆናል። ወይ ደግሞ ክንዴ ክንዴ ስለሆነ፣ ቄሱን ፓራፋንጎ ይሻላል ወይስ አይሻልም ብሎ እየጠየቃቸው ይሆናል። በዚያ ጭንቅ መሐል ይህን ስታስብ ሳቋ መጣባትና አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ እንባ ዞረባት።

"ቤቶች" አለ አንድ ድምፅ ከአጥሩ በር። የአቶ ዓብዱልሀሚድ ነው።

ሦስት ሆነው ገቡ። አቶ ዓብዱልሀሚድ የበዓል ኮታቸውን ለብሰዋል። ቄስ ምህረቴና አቶ ወርቅአየሁ የገብስ መኪና ላይ፣ ከጆንያው በላይ ተጭነው ስለመጡ ጥምጥማቸውም ቅንድባቸውም በብናኝ ነጥቷል። እንዲቀመጡ ቢጠየቁም፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው እንደ ደንቡ ቆሙ። የባሕር ዳሮቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ዓብዱልሀሚድ፣ ምን ጉድ ነው?" አሉ ግራዝማች። "ያልተዳረች ልጄ አንድ ናት። ሽማግሌ በአንድ ቀን ሁለት ወገን።"

"አንደኛው ወገን ዘግይቶ ነው፣ ግራዝማች። ጥፋቱ የመዘግየት ነው እንጂ የመናቅ አይደለም" አሉ አቶ ዓብዱልሀሚድ። "ልጁን አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ለመምረጥ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሰው ነው። ትናንት አሰልችቶኝ ነበር፤ ማታ ሳስበው ግን ልጄን የሚጠይቀኝ ሰው እንዲህ ቢሆን አልጠላም አልኩ።"

አቶ ወርቅአየሁ ተራቸው ደረሰ። ገበሬ ናቸው፤ አማርኛቸው የገበያና የቤተ ክርስቲያን አማርኛ ነው። "ግራዝማች ሆይ፣ እኛ… ልጃችን ልጅዎን…" ብለው ጀመሩና ቃሉ ጠፋባቸው። እንደገና ጀመሩ። እንደገና ጠፋባቸው። ከባሕር ዳሮቹ አንደኛው ፈገግታውን በጋቢው ሸፈነ። እታለማሁ ከግድግዳው ጀርባ ዓይኗን ጨፈነች። ክንዴ አጥር ሥር ቆሞ የነበረባት ቀን አሁን በአባቱ ላይ የደረሰች መሰላት፤ ኀፍረቱ የራሷ ሆኖ ፊቷን አቃጠለው።

ያኔ ግራዝማች ውቤ በአገውኛ ተናገሩ።

እታለማሁ አባቷ በዚያ ቋንቋ ሲናገሩ ከሰማች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር። ማዕረግ ካገኙና ከተማ ከገቡ ወዲህ በቤታቸው አይናገሩትም። ዛሬ ግን ቀስ ብለው፣ እንደ ልጅነት ጓደኛ፣ "በራስህ አንደበት ንገረኝ፤ እኔም በሱ ነው ያደግሁት" አሏቸው።

አቶ ወርቅአየሁ ቀና አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም አላቋረጣቸውም። ልጃቸው ትናንት ማታ ሊጨልም ሲል እንደደረሰ ተናገሩ። ጎማው ሁለት ጊዜ ተበስቶበት ሁለቴ ለጥፎታል፤ ሦስተኛው ላይ ትርፉ ካለማዳሪያም መለጠፊያውም አልቆበት፣ የመጨረሻውን ዳገት ቢስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ ነው የወጣው።

"ተሸክሞት?" አሉ ግራዝማች።

"ተሸክሞት። ጅል፣ አንዱ ቤት አስቀምጠኸው ለምን በባዶ እጅህ አትመጣም ብዬ ብጠይቀው፣ ላዩ ላይ ያለውን ነገር የመረጠችው እሷ ናት አለኝ።"

ከባሕር ዳሮቹ አንዱም አገውኛ ስለማይሰማ ግራዝማች ለምን ረዥም ጊዜ ዝም እንዳሉ አልገባቸውም። እታለማሁ ግን ገብቷታል። 

ግራዝማች ለሁለቱም ወገን አንድ መልስ ሰጡ። ልጅቱን ሳይጠይቁ ቃል እንደማይሰጡ፣ የዛሬ ሳምንት እንዲመለሱ። የላንድሮቨሩ ሰዎች የቀረበላቸውን ጠጅ ሳይጨርሱ ተነሡ፤ የሚመለሱም አይመስልም ነበር። የገብሱ መኪና ሰዎች ግን ተቀመጡ፤ እህል ቀርቦላቸው፣ በሁለት ቋንቋ እያወሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆዩ።

እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ግራዝማች ወደ ጓሮ ወጡ። እታለማሁ ልብስ ታሰጣ ነበር፤ የምታሰጣው ልብስ ደረቅ መሆኑን ግን ልብ አላለችውም።

"እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?" አሉ።

"ይቆጡኛል ብዬ ነው፣ አባባ።"

"ተቆጥቻለሁ። አሁንም ተቆጥቻለሁ።" ከገመዱ ላይ አንድ ነጠላ አነሡ፣ ደረቅ መሆኑን ዳስሰው መልሰው ሰቀሉት። "ከተቆጣሁ በኋላ ምን እንደማደርግ ግን ጠይቀሽኝ አታውቂም።"

እታለማሁ ሌላ ነጠላ ገመዱ ላይ ዘረጋች።

"ይኼ ልጅ፣ ቢስክሌት ተሸክሞ ዳገት የሚወጣው። እዚህ ቤት መጥቶ ያውቃል?"

"መጥቶ ነበር። ወንበር አልተሰጠውም።"

የግራዝማች ዓይን ወደ አጥሩ ሄደ።  ፊታቸው ላይ ያየችው ጸጸት መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደባት።

"ዕቃ ለመምረጥ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ አንድ ነገር ቶሎ አይቆርጥም አሉ" አሉ በመጨረሻ።

"ሰው ያሳብዳል" አለች እታለማሁ። እንዳመለጣት አወራችው። "የተጻፈውን እንደ ተጻፈ አያነብም። የሚባለውን ሁሉ ስድስት ጊዜ ያገላብጠዋል። ሰው እየተቃጠለ ቆሞ እሱ ስለ ጓጉንቸር ይጠይቃል። በጣም ያናድደኛል፣ አባባ።"

"እሱን አልጠየቅሁሽም።"

"ምንድን ነው የጠየቁኝ?"

"ትፈልጊዋለሽ ወይ?"

"እፈልገዋለሁ" አለች።

ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ጓሮው ውስጥ ቆመ። አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ሌላ ነገር ሳይጠይቁ፣ በከዘራቸው እየተደገፉ ቀስ ብለው ወደ ቤት ገቡ። ነገሩ ማለቁን፣ ለበጎ ማለቁን ከአረማመዳቸው አወቀችው።

እታለማሁ ገመዱን እንደያዘች ቀረች። ሁለት ዓመት ሙሉ በጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ሁሉ፣ ትናንት በዚያ ጠባብ ጓሮ በተነጋገሩት ሁሉ፣ ይህችን አንዲት ቃል ለክንዴ ነግራው አታውቅም። መጀመሪያ የሰሟት አባቷ ናቸው። እሱ ይኼን ጊዜ ከዚያ ከዳገቱ ማዶ፣ በቆሰለ ትከሻው፣ ምን ተባለ ብሎ መንገድ መንገዱን እያየ ተቀምጧል፤ የሚነግረው ሰው እስኪደርስ ይመሻል። ሊነገረው ከሚገባው ሰው ሁሉ መጨረሻ የሚሰማው እሱ መሆኑ አናደዳት። በራሷ ተናደደች፣ በመንገዱ ርቀት ተናደደች፤ እንዲህ ተናድዳ እንዲህ ደስ ብሏት የማታውቅ በመሆኗ፣ ነጠላውን ፊቷ ላይ አድርጋ እዚያው ቆማ አለቀሰች።